የሃያ አንዱ ቀን ቆጠራ

እትዬ ቆጣሪ በሥራ ዘመናቸው ሁሉ አልለቅም ያሉት አንድ ነገር ቢኖር የሃያ አንዱን ቀን ጥበቃ ነበር። ቅጽል ስሙን ያወጡላቸው የብረት ማቅለጫው ሠራተኞች ናቸው፤ የወይዘሮዋ ሥራ ከሰማይ ያለ ማቋረጥ የሚወርዱትን፣ ሙዮን የሚባሉትን፣ ዓይን የማያያቸውን ቅንጣቶች መቁጠር ነውና። ቅንጣቶቹ ጡብና ብረት ሰንጥቀው ያልፋሉ፤ ጥቅጥቅ ያለው ግድግዳ ብዙውን ያስቀራል፣ የሳሳው ብዙውን ያሳልፋል። እርሳቸውም ጠረጴዛ የሚያህሉ ሁለት መሣሪያዎቻቸውን ከቀዘቀዘው ምድጃ ግራና ቀኝ አቁመው፣ የግድግዳውን እፍጋት ሳይነኩት ይለኩ ነበር፤ ከቆጠራው የሚወጣው የግድግዳው ሥዕል ጠርቶ እስኪታይ ሃያ አንድ ቀን ይፈጃል።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን በሥዕሉ ላይ አንዲት የሳሳች ነጥብ ብቅ አለች። ጡቡ ተቦርቡሮ ይሁን ቆጠራው ገና አንሶ፣ ለመለየት ጊዜው አልደረሰም።

«እትዬ፣ መቶ ሰው እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል፤ ምድጃው ደህና ነው ብለው ዛሬ ይፈርሙልኝና ነገ እሳት እንለኩስ» አለ ሥራ አስኪያጁ። እሺታ ሲያጣ ጊዜ በቀልድ መጣ። «ለመሆኑ ባልዎ ስንት ዓመት ደጅ ጠንተው አገቡዎት?»

«ሰባት። እኔ ግን ዛሬም ቸኮልኩ እላለሁ።»

ሁለቱም ከት ብለው ሳቁ። ሰውየው ግን የሚፈረመውን ወረቀት ወደ እርሳቸው ገፋ አድርጎ፣ «ቀዳዳ ባይሆንስ?» አለ።

እትዬ ቆጣሪ ወረቀቱን አጥፈው መለሱለት።

«ልጄ፣ ቀዳዳ ካልሆነ ዘጠኝ ቀን ከሰርህ፤ ቀዳዳ ከሆነ ግን የቀለጠው ብረት በዚያ በኩል ይወጣል፣ በዚያ በኩል የሚቆሙትን ደግሞ አንድ በአንድ በስማቸው አውቃቸዋለሁ። ከሰማይ የሚወርደውን እኔም አላጣድፈው፣ አንተም አታጣድፈው፤ ይልቅ ወንበር ሳብና አብረን እንቁጠር።»