ካርታ ላይ የቀረው መንደር

ሥራዬ የድሮ ካርታዎችን ማጥናት ነው። ባለፈው ክረምት መውጫ፣ ጣሊያኖች የሠሩትን የዳባት አካባቢ ካርታ ቅጂ ይዤ፣ ዛሬ ማንም የማያውቀውን አንድ መንደር ፍለጋ ከጎንደር ወጣሁ። ካርታው ያመለከተው ቦታ ስደርስ ጉም የሸፈነው የፈረሰ የድንጋይ ካብ ብቻ አገኘሁ። አጠገቡ አንድ ሽማግሌ ከብት ይጠብቁ ነበር።

«አያ፣ ይህን መንደር ያውቁታል?» ብዬ ስሙን ከካርታው ላይ አነበብኩላቸው።

ፊታቸው ተለወጠ። «እናቴ እስክትሞት ድረስ በእንቅልፏ የምትጠራው ይኸን ስም ነበር» አሉ። «እኔ የሞተ ልጇ ስም ይመስለኝ ነበር።»

ከዚያ ወደ ጉሙ ዞረው፣ ሰው እንደሚጠራ ሁሉ ስሙን ጮክ ብለው ጠሩ። ሁለታችንም ሳናስበው መልስ ጠበቅን። የመለሰ የለም። እኔ ግን ያንን ስም ድምፄን አውጥቼ ማንበብ ዛሬም እፈራለሁ።