ወንዙ አልሞላም ነበር

ለንስሐ አባቴ ቁጣዬን፣ ሐሜቴን፣ ጾም የሻርኩበትን ቀን ሳይቀር ተናግሬያለሁ። ይህን ግን በየዓመቱ ዘልዬዋለሁ። ከእኔ ሌላ የሚያውቁት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ለእሳቸውም የነገርኳቸው እኔ አይደለሁም።

ዋሽቻለሁ። ያውም ሦስት ቀን፣ በተከታታይ።

ቤታችን ብልባላ አጠገብ ነው። ወደ ላሊበላ የሚሄደው መኪና የሚገኘው ከወንዙ ማዶ ነው። በክረምት ማንም ከመነሳቱ በፊት አንድ ሰው ወርዶ ወንዙን ያያል። ያየው ሰው ቃል አይመረመርም። አልሰማም ብሎ የገባ ጎረቤት ነበረን፤ አልወጣም። እኔ የቤቱ ውሃ ቀጂ ስለነበርኩ ወንዙን የማየውም እኔ ነበርኩ። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር።

በዚያ ክረምት እህቴ አበባ ከአራት ዓመት በኋላ ልጆቿን ይዛ ከወልድያ መጣች። ያሰብነው በፍልሰታ ጾም ፍቺ ዋዜማ ሁላችንም ተሻግረን፣ ጾሙን አጎታችን ቤት ልንፈታ፣ ከዚያ እሷ መኪና ልትሳፈር ነበር። አጎታችን መምሬ ታደሰ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ቄስ ናቸው። አበባን ፊደል ያስቆጠሯት እሳቸው ናቸው። ከፋሲካ ጀምሮ በግ ሲያደልቡላት ነበር።

የዋዜማው ጠዋት ጀሪካኔን ይዤ ወረድኩ። ውሃው ቁርጭምጭሚቴን አላለፈም። ቆሜ አየሁት። ከተሻገርን እህቴ ልትሄድብኝ አይደል? ተመለስኩና "ሞልቷል" አልኩ። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ማንም አልተጠራጠረም። በማግስቱም ሞልቷል አልኩ። በሦስተኛውም ቀን ሞልቷል አልኩ።

እነዚያን ቀናት እንዴት ልንገራችሁ? አሸንድዬ ገባ። የሁለት ልጆች እናት የሆነችው እህቴ ለምለሙን የአሸንድዬ ሣር ወገቧ ላይ አስራ ከልጃገረዶቹ ጋር ጨፈረች። እናቴንም ጎትታ አስገባቻት። ልጆቿ ጭቃው ላይ እየተንሸራተቱ ከቡችላው የማይለዩ ሆኑ። እኔ ግጥም አወጣሁ፦

"የኛ ቤት አባወራ አንበሳ ይገድላል፣
እናቴ ስትቆጣ ጎተራ ይገባል።"

አባቴ ተነስቶ እውነትም ጎተራው ውስጥ ገባ፤ በክረምት ባዶ ነውና። ራሱን ብቅ አድርጎ "ተቆጥታ ጨረሰች? ልውጣ?" አለ።

እናቴ ከበሮውን ይዛ "ገና ነኝ፣ ቆይ እዚያው" አለችው።

በአራተኛው ቀን "ጎድሏል" አልኩ። ተሻገርን። አበባ ከሥራ የወሰደችው ፈቃድ አልቆ ስለነበር የአጎቴን መስቀል ተሳልማ፣ አንድ ጣሳ ጠላ ቀምሳ ወደ መኪናው ሮጠች። በጉ እንደታሰረ ነበር። አባቴ "ወንዙ ይዞን ነው መምሬ፣ ይቅር ይበሉን" አለ። እሳቸው እኔን አዩኝ። "እግዜር ያውቃል" ብቻ አሉ።

ይኸው ስምንት ዓመት፣ ክረምት በመጣ ቁጥር አባቴ "ወንዙ ያገደን ዓመት" ብሎ ያወራል። እኔም ግጥም ጽፌበት አጨብጭበውልኛል።

ዘንድሮ ሁላችንም አጎቴ ቤት ተሰበሰብን። መምሬ ደጅ ጠሩኝ።

"ትርንጎ፣ ያን ጊዜ በጉን እያስጋጥኩ ሦስቱንም ቀን ወንዝ ዳር ጠበቅኋችሁ። በጉ መሀል ገብቶ ሲጠጣ ጉልበቱን አላራሰም። መምጣት ያልፈለጋችሁ መስሎኝ ነበር።"

"ታዲያ መምሬ፣ ለምን ዝም አሉ?"

"አባትሽ ሲያወራው ፊቱን አይተሽው አታውቂም? በይ አሁን ያስቀረሽብኝን ሦስት ቀን ንገሪኝ።"

ነገርኳቸው። ጎተራው ላይ ስደርስ ጥምጥማቸው እስኪያዘነብል ሳቁ።

ስንገባ አባቴ ወሬውን ጀምሯል። የአበባ ትንሹ ልጅ "እውነት ሞልቶ ነበር?" አለው።

"መምሬን ጠይቃቸው፤ ማዶ ነበሩ።"

አጎቴ የእጅ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። "ሞልቶ ነበር ልጄ። እስከ አፉ" አሉ።

ሁሉም ሳቀ። እኔ አልቻልኩም። የራሴን ውሸት ስምንት ዓመት ስቄበት ኖሬያለሁ፤ በእሳቸው አፍ ስሰማው ግን ከበደኝ። ያን ጊዜ ጎረቤት ሁሉ ሥጋ ሲበላ እንግዶቼን ሳላይ አላርድም ብለው ሽሮ የበሉት እኚህ ሰው ናቸው። አሁን ደግሞ ለእኔ ሲሉ ዋሹ።

ልጅ ነበርኩ አልልም። ውሃ ስንት እንደሆነ አውቅ ነበር። በደስታችንም አልጸጸትም፤ ተጸጸትኩ ብል ሌላ ውሸት ይሆንብኛል። ግን በዚያ ጭፈራ ላይ አንድ ሰው ጎድሎ ነበር፤ ያጎደልኩት እኔ ነኝ። መምሬ፣ እግርዎ ሥር ወድቄያለሁ። አባዬ፣ ይህን ጮክ ብዬ ላነብልህ ነው፦ ወንዙ አልሞላም ነበር።