ጋሼን ሰላም ሳልል የበረርኩ ዕለት

እኛ ሰፈር፣ አዳማ፣ ትልቅ ሰውን ሰላም ሳይሉ ማለፍ ነውር ነው። ያለፈ እንደሆነ ወሬው ከራሱ ቀድሞ እቤቱ ይደርሳል። እኔ ይህን ልማድ ይዤ አብራሪ ልሆን ገባሁ፤ መከራዬም ከዚያ ጀመረ።

ላንጋኖ ሐይቅ አካባቢ ባለው ማሠልጠኛችን፣ ማማ ላይ ሆነው መነሳትና ማረፍ የሚፈቅዱልን አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የማውቀው ድምፃቸውንና ሳላቸውን ብቻ ነው። የሬዲዮው ሕግ አጭር ነው፦ ማን ነሽ፣ የት ነሽ፣ ምን ትፈልጊያለሽ፤ ያውም በእንግሊዝኛ። እኔ ግን ሬዲዮውን ስጫን አፌ በአማርኛም በኦሮምኛም ይቀድመኛል።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? አካም ቡልታን? ጉንፋኑስ ተሻለዎት?»

«ተመስገን፣ ዛሬስ ይሻላል» ይላሉ እሳቸውም፣ ሕጉን ረስተው። በዚህ መሀል «ቡልቡላ ላይ ነኝ» እስክል ቀጣዩ ከተማ አዳሚ ቱሉ ደርሻለሁ። ሌሎቹ ተማሪዎች የእኛ ጨዋታ እስኪያልቅ ላንጋኖ ላይ ይዞራሉ። አንዱማ ተስፋ ቆርጦ፣ «በኔም ስም ጠይቂልኝ» አለ።

አስተማሪዬ ደሙ ፈላ። «ብቻሽን በምትበሪበት ቀን፣ አየር ላይ ሆነሽ ከሕጉ ውጪ አንዲት ቃል ብታመልጥሽ ወድቀሻል። ሻንጣሽን ይዘሽ ወደ ቤትሽ» አለኝ። የስንት ዓመት ምኞቴ በአንድ «እንደምን አደሩ» ላይ ተንጠለጠለ። እናቴን ባማክራት፣ «ታዲያ ሰው እንደ ከብት ዝም ብሎ ይገባል እንዴ?» ብላ አይታው ከማታውቀው አስተማሪዬ ጋር በሌለበት ተጣላች።

የፈተናው ዕለት ጥርሴን ነክሼ ተነሳሁ። ማን እንደሆንኩ፣ የት እንዳለሁ፣ ምን እንደምፈልግ፤ በቃ። ጋሼ ሁለቴ አስደግመውኝ ፈቀዱልኝ። የላንጋኖን ቡናማ ውሃ ዞሬ ስመለስ አንድም ትርፍ ቃል አልወጣኝም። ኮራሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ሽማግሌውን ያስቀየምኳቸው መሰለኝ።

ለማረፍ ዝቅ ስል ከሜዳው ዳር የእሳት አደጋ መኪና ቆሟል። አጠገቡ አምቡላንስ አለ። ሰማዩ ላይ ከኔ በቀር አንድ አውሮፕላን የለም። እየተቃጠልኩ ነው ብዬ ሞተሩን አየሁ፣ ክንፉን አየሁ፤ ጭስ የለም። አረፍኩ። አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ሬዲዮው በአማርኛ ተናገረ።

«ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው? ሰላም እንኳ ሳትዪኝ ስትቀሪ አንድ ነገር ሆናለች ብዬ ሌሎቹን አውሮፕላኖች ሁሉ አሳርፌ፣ መኪኖቹን አስጠርቼ ነው የጠበቅሁሽ።»

አስተማሪዬ ከመኪናው አጠገብ ቆሞ በእጅ ሬዲዮው ይሰማል። ብመልስ መውደቄ ነው። ባልመልስ ደግሞ የአምቡላንሱ ሰዎች ቃሬዛውን አውርደዋል።

«ደህና ነኝ ጋሼ» አልኩ። «እርስዎስ እንደምን አደሩ?»

አስተማሪዬ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ቆይቶ፣ «አየር ላይ ነበር ያልኩሽ፤ አሁን መሬት ላይ ነሽ» ብሎ አሳለፈኝ። እኔ ግን ማለፌንም ልብ አላልኩት። እዚያው መቀመጫዬ ላይ ሆኜ፣ አይቻቸው የማላውቅ ሰው ዝም ስላልኩ ብቻ ሰማይ እንዳስለቀቁልኝ እያሰብኩ አለቀስኩ።