ካርካዴ የጠጣችው መኪና

እህቴ መኪናዋን ልትሸጥ ከአንድ የባምባሲ ነጋዴ ጋር በቃል ተስማማች። ሰውየው ቅዳሜ ከሰዓት አሶሳ መጥቶ ሊወስዳት፣ አፈራርሶም ዕቃ ዕቃዋን ሊሸጥ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ግን አንድ ጉዞ ቀርቷት ነበር፤ ከሆሞሻ ሙሽራ ማምጣት። ሙሽራዋ የእህቴ የሱቅ ጎረቤት ናት፤ ቤተሰቦቿ ያሉት ግን ሆሞሻ ነው። ቃሉ የተገባው እህቴ በመኪናዋ ሳትማረር በፊት ስለነበር ማጠፍ አልቻለችም።

መኪናዋ ከሄደች እኔም መሄዴ ነው። ጨርቅ እየጫንኩና እያወረድኩ ከእህቴ ጋር የምዞረው በመኪናዋ ነበር። ያለ እሷ የሚጠብቀኝ ወላጆቻችን ከወሎ መጥተው የሰፈሩበት መንደርና የማሽላው ማሳ ነው። ከማሽላ ጋር ጠብ የለኝም፤ ግን ማሽላ የትም አይሄድም፣ እኔ ደግሞ ባየሁት መንገድ ቁጥር ግጥም የሚመጣልኝ ሰው ነበርኩ።

ክልሉ አዲስ ነበር። ቢሮዎቹ ወንበር ሳይገባላቸው ተከፍተው፣ የታፔላው ቀለም ሳይደርቅ ባለጉዳይ ተሰልፎ ነበር። ከየአገሩ የተመደበ ሠራተኛ ከአውቶቡስ ሲወርድ መጋረጃ ይፈልጋል፣ አንሶላ ይፈልጋል። እህቴ ጨርቅ ትሸጣለች። እቁብ ሲደርሳት ከአገር ከሚወጣ አንድ የእርዳታ ሠራተኛ ያቺን አሮጌ ነጭ መኪና ገዛች፤ መንዳት ከተማረች ገና መንፈቅ አልሞላትም። ጨርቅ ተራው ሁሉ ሥራ ፈቶ ያያት ጀመር። «ይቺ ሴት መኪና ነው ወይስ ባል የገዛችው?» አሉ፤ «ሁለቱም ሲያረጁ እኩል ያስወጣሉ።»

እውነታቸውን ነው። መጀመሪያ ሞተሪኖው ሞተ፤ ከዚያ ወዲህ ሳትገፋ አትነሳም። ጎረቤቶቻችንን በሚገፉበት ጎን እናውቃቸው ጀመር። የጭስ ማውጫዋ ማርሚታ ባምባሲ መንገድ ላይ ወድቆ በሽቦ ታሰረ። የጎማዎቿ ካላማዳሪዎች ከጎማ ይልቅ ልጥፍ ነበሩ። መለዋወጫ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ እናስመጣለን፤ ይመጣል፣ የሌላ መኪና ሆኖ ይመጣል። እኔም ገጠምኩላት።

ዳገት ላይ ጥማት፣ ሜዳ ላይ ኩራት፣
ምሳችንን በልታ ትለናለች ራት።

እህቴ ይሄን ሁሉ ችላ ነበር። ያልቻለችው ውሃዋን ነው። ዳገት በወጣች ቁጥር ራዲያተሯ ይፈላል፣ ውሃው ይጎድላል። ቆማ ስትታይ ግን ከሥሯ ጠብታ የለም። መካኒኩ ራዲያተሩን በየደ፤ ደግሞ በየደ፤ ክዳኑን ለወጠ። በመጨረሻ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «እንግዲህ ሞተሩ ይውረድ» አለ። የባምባሲው ነጋዴ የተጠራው ያን ዕለት ነው።

ወደ ሆሞሻ ስንሄድ መንገዱ ቁልቁል ስለሚበዛው እንደ አዲስ ከነፈች። መስኮቱን ከፍቼ ቀዩን አቧራና የሽመሉን ጫካ እያየሁ በደስታ ፈነደቅኩ። «አትደሰት» አለችኝ እህቴ፤ «መመለስ አለ።»

ስንመለስ ሙሽራዋና አክስቷ ከኋላ ተቀመጡ። አክስትየው ለሙሽራው ቤት የምትወስደውን ካርካዴ፣ በስኳር የተበጠበጠ ቀይ የአበባ መጠጥ ሙሉ ጀሪካን፣ በጉልበቶቿ መሃል ይዛ ነበር። የመኪናዋ የውሃ ጀሪካን ደግሞ በእኔ ጉልበት መሃል። ዳገቱ ላይ አንዴ ቆምን፣ ሁለተኛ ቆምን። ሦስተኛው ላይ እንፋሎቱ ኮፈኑን አልፎ መስታወቱን ሸፈነው።

«ውሃ አምጣ» አለች እህቴ።

«የለም።»

«የለም ማለት?»

«ጠጥታዋለች፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ግጥም አጠጣት። አንተ የእሱ ችግር የለብህም።»

ዙሪያው ደረቅ ነበር፤ ወንዝም ቤትም አይታይም። እህቴ መሪው ላይ ተደፋች። ሙሽራዋን መንገድ ላይ ያስቀረች ሴት ተብላ ጨርቅ ተራ ስትገባ እየታያት መሆን አለበት። ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቅን። ከዚያ አክስትየው ጀሪካኗን ይዛ ወረደች። አፏን የፈታችው በበርታኛ ነው፤ በአማርኛዋ ወንድም ሴትም አንድ ናቸው።

«ይሄ መኪና ጠማው» አለች። «ካርካዴ አለ። ስጠው፣ ይጠጣል።»

«ስኳር አለው እኮ፣ እናቴ» አለች እህቴ።

«ስኳር አለው፣ ጥሩ ነው። ሰርግ ነው።»

ሙሽራዋ ከሻሿ ሥር ሳቀች። «ለሙሽራው የተባለው ለመኪናው ሊሆን ነው?»

«ሙሽራው ውሃ ይጠጣል። ያላ፣ ቶሎ!»

ክዳኑን በጨርቅ ይዤ ከፈትኩና ቀዩን መጠጥ ቀስ እያልኩ አንቆረቆርኩት። እስከ አፏ ጠጣች። የሚገፋ ሰው ስላልነበረን እህቴ ዳገቱን ቁልቁል በኋላ ማርሽ ለቀቀቻት፤ ሞተሩ ተነሳ። ጥቂት እንደወጣን የተቃጠለ ስኳር ሸተተን።

«ሞተሬን ከረሜላ አደረግሽው» አለች እህቴ፣ ወደ አክስትየው ዞር ብላ። ሞተሩን ሳታጠፋ ቆመች። ዘልዬ ወርጄ ኮፈኑን አነሳሁ።

አየሁት። ከሞተሩ በስተኋላ፣ ሰው አንገቱን ካላስገባ በማያየው ጥግ፣ አንዲት የጎማ ቱቦ መታጠፊያዋ ላይ ተሰንጥቃለች። ከስንጥቁ ካርካዴው እንደ ጭረት በቀጭኑ እየተረጨ የጋለው ብረት ላይ ይደርቃል፤ ደርቆም ደማቅ ቀይ መስመር ይጥላል። ለወራት ውሃው እዚያው ተረጭቶ እዚያው ሲተን ኖሯል። ውሃ ምልክት አይተውም። ዳገት ላይ እንጂ ቆማ ስለማትረጭም መሬት ላይ ጠብታ አላየንም።

«እትዬ ነይ! ሞተሩ አይወርድም!»

ድምፄ ሽመሉ ውስጥ አስተጋባ። እህቴ ሞተሩን አጥፍታ መጣች፤ ቀዩን መስመር እያየች ቱቦዋን በዓይኗ ተከተለች። ቱቦዋ የሞተሩን ክፍል ግድግዳ በስታ ወደ ሹፌሩ እግር ትገባለች።

«የማሞቂያው ናት» አለች ቀስ ብላ።

«የምን ማሞቂያ?» ሙሽራዋ ወርዳ በትከሻችን ላይ ታያለች።

«ሲበርድሽ የሚያሞቅሽ።»

«የት አገር?»

እህቴን ሳቅ ያዛት። ሙሽራዋ ለአክስቷ በበርታኛ ነገረቻት። አክስትየው ፀሐዩን አየች፣ ላቧን ጠረገች፣ መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች። ያ ሁሉ ብየዳ፣ ያ ሁሉ ገንዘብ፣ አሶሳ ላይ ማንም ከፍቶት ለማያውቀው ማሞቂያ ነው የወጣው።

ብረቱ ሲበርድ እህቴ በሰንጢዬ ጫፍ ማጥበቂያዎቹን ፈታች። የተሰነጠቀችውን ቱቦ ነቅላ ጣለቻት። ወደ ማሞቂያው የምትሄደውን ሌላዋን ደህና ቱቦ ደግሞ አጥፋ መልሳ ሞተሩ ላይ ሰካቻት፤ ውሃው ማሞቂያው ዘንድ ሳይደርስ ይመለሳል። ከካርካዴው ጀሪካን ደግመን ሞላናት፣ እንደገና ቁልቁል ለቀን አስነሳናት። ዳገቱን እስከ ላይ ወጣን። የሙቀቱ መርፌ መሃል ላይ ቆሞ አልነቃነቅ አለ፤ እኔ እሱን እንጂ መንገዱን አላየሁም። ግጥሜን ጮክ ብዬ ስል ሙሽራዋ እያጨበጨበች ተቀበለችኝ።

ሙሽራው ቤት በእልልታ ገባን። ለሙሽራው ከጀሪካኑ ሥር አንድ ብርጭቆ ደረሰው፤ ታሪኩን ሲሰማ ለጤናችን አለና ወደ መኪናዋ አንስቶ ጠጣ።

ወደ እህቴ ሱቅ ስንመለስ የባምባሲው ነጋዴ በሩ ላይ በርጩማ ተሰጥቶት ይጠብቃል። እህቴ ሰላምታ ሰጥታው ወደ ራዲያተሩ ሄደች። የታችኛውን መፍሰሻ ስትከፍተው ቀይ ፈሳሽ ጎርፎ መሬት ላይ ተኛ። ሰውየው ተነስቶ ቆመ።

«ደም ነው?»

«ካርካዴ ነው፣ ጋሼ። ስኳሩን ካላጠብኩት ጉንዳን ይገባባታል።»

ውሃ አመላለስኩ። ቀዩ ሮዝ ሆነ፣ ሮዙ ጠራ። ሰውየው መጀመሪያ ጠባቂ ሆኖ፣ በኋላ ተመልካች ሆኖ ቆመ። ውሃው ሲጠራ እህቴ ክዳኑን አጥብቃ ኮፈኑን ዘጋችው፤ የሚሸጥ ነገር እንደዚያ በቀስታ አይዘጋም።

«ሐሳብ ቀይረሻል» አለ ሰውየው።

«ቀይሬያለሁ። ስላደከምኩዎት መናኸሪያ ድረስ ላድርስዎ።»

ሰውየው የመኪናዋን በር ሊከፍት እጁን ሰደደ።

«መጀመሪያ ይግፉ እንጂ፣ ጋሼ» አለች እህቴ፤ «ሞተሪኖው ገና አልተሠራም።»

እኔ በግራ፣ እሱ በቀኝ ሆነን ገፋናት።