የጡሩንባ አዲስ ድምፅ

መናኸሪያው ውስጥ ሰዉ ሁሉ «ጡሩንባ» ብሎ ነው የሚጠራው። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ደጃፍ ቆሞ መንገደኛ ሲጠራ የኖረ ሰው ነው፤ ሲጮኽ የአንገቱ ሥር ገመድ ያክላል። እንዲህ ያለ ጉሮሮ አንድ ቀን መክዳቱ አይቀርም፤ ከዳው። ከአፉ ትንፋሽ ብቻ ይወጣ ጀመር። ሚስቱ «ተመስገን፣ ጆሯችን አረፈ» ብላ ቀለደችበት፤ ከዚያ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

እሱን የከነከነው ግን የእናቱ ነገር ነው። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ አሁን ደግሞ መርሳት ጀምረዋል። እጁን ቢጨብጡ፣ ፊቱን ቢዳስሱ ማንነቱ አይመጣላቸውም። ልጃቸውን የሚለዩት በዚያ በተሰነጠቀ ድምፁ ብቻ ነበር። ገና ከበር «እማ!» ሲል «መጣህ አንተ!» ይሉት ነበር። አሁን በሹክሹክታ ሲያናግራቸው ጎረቤት ይመስላቸዋል። «ልጅዎ እኮ ነው» ቢሏቸው «የእኔ ልጅ እንዲህ አይናገርም» ብለው ድርቅ ይላሉ።

ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ወደ ድምፅ አሠልጣኝ ላኩት። አሠልጣኟ ወጣት ናት። ወለል ላይ አስተኛችውና የገዛ ጫማውን ሆዱ ላይ አስቀመጠችበት።

«ሲተነፍሱ ጫማው ከፍ ይበል። ደረትዎን ይተዉት።»

«እህቴ፣ እኔ የታመምኩት ጉሮሮዬን ነው፤ ሆዴ ደህና ነው።»

ሳቀች እንጂ አልማረችውም። እጁን አንጠልጥሎ እንዲያወዛውዝ፣ ጉልበቱን አላልቶ እንዲንቀጠቀጥ፣ ግድግዳ እየገፋ «እምምም» እንዲል አደረገችው። ያ ግዙፍ ሰው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ለእናቱ ሲል ቻለው።

አንድ ጠዋት ግድግዳውን ሲገፋ ድምፅ ወጣ፤ ወፍራም፣ ለስላሳ፣ ከእምብርቱ ሥር የተነሳ። አሠልጣኟ አጨበጨበች። «የእርስዎ ድምፅ ይኼ ነው! እስከ ዛሬ በጩኸት ሸፍነውት ነው እንጂ!» ጡሩንባ ምሳውን እንኳ ሳይቀምስ እናቱ ዘንድ በረረ።

«እማ! እኔ ነኝ፣ መጣሁ!»

እናቱ እንግዳ ሲመጣ እንደሚያደርጉት ሻሻቸውን አስተካከሉ። «ይግቡ፣ ይግቡ። ማን ልበል?»

ክው አለ። ከተወለደ ጀምሮ አንቱ ብለውት አያውቁም።

ጉሮሮዬ ቢቀደድም ይቀደድ ብሎ ቆረጠ። የድሮውን ጩኸት ሊያወጣ ደረቱን ነፋ፣ አንገቱን ወጠረ። ሰውነቱ ግን የተማረውን አልተው አለ። ትንፋሹ በራሱ ጊዜ ወደ ሆዱ ወረደ፤ የወጣውም ያው ያማረ ድምፅ ነው። ደጋግሞ ሞከረ፤ አልሆነም። ጤናውን እንዲህ የጠላ ሰው ይኖራል ብዬ አላምንም።

«እንዴት ያለ ደስ የሚል ድምፅ አለዎት» አሉት እናቱ። ከዚያ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የእኔ ልጅ ጠፋብኝ። ሲጮኽብኝ ብዙ ጊዜ ተቆጥቼዋለሁ፤ ተቀይሞኝ ይሆናል። ካገኙት፣ እንደ ልብህ ጩህ ብላሃለች ይበሉልኝ።»

«እነግረዋለሁ» አላቸው።