ማርሽ የሌላት መኪና

በሐዋሳ አንድ ሰሞን ሰርግ ያሰበ ሰው ድንኳን ከመከራየቱ በፊት የሚያስይዘው የሮማን ደረሰን ቀይ ፊያት ነበር። መኪናዋ ባለ ሁለት በር ናት፤ ዝቅ ያለች፣ አፍንጫዋ ረዘም ያለ፣ በዕድሜ ከሮማን የምትበልጥ አሮጌ። ሰው የሚወደው ግን መኪናዋን ብቻ አልነበረም፤ ነጂዋንም ጭምር ነው። ሴት ልጅ መሪ ይዛ፣ ሙሽሮቹን ከኋላ አስቀምጣ፣ ከባህል አዳራሽ ሐይቁ ዳር እስካለው አሞራ ገደል እንቁላል የጫነች ይመስል ሳታንገጫግጭ ስታደርሳቸው አጃቢው ሁሉ ያጨበጭብላት ነበር። ሙሽሮችን የምታስውበው ጓደኛዋ ካሰች፣ «እኔ ኩሉን ቀጥ አድርጌ እስለዋለሁ፤ ሮማን ሳታበላሽ ታደርስልኛለች» ትል ነበር።

ሮማን መንዳት የተማረችው ከአባቷ ነው። አቶ ደረሰ የመኪና መለዋወጫ ይሸጡ ነበር። ባለቤታቸው ማርቆስን ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ስታርፍ፣ ሮማን ገና ተማሪ ሆና ለወንድሟ እናት ሆነች። አዘለችው፣ አጎረሰችው፣ ሰንበት ትምህርት ቤት እጁን ይዛ አመላለሰችው። አባትየው ይህን እያዩ ሌላ የሚሰጧት ነገር ያጡ ይመስል፣ እሑድ ከአምልኮ መልስ ፊያቷን አስነስተው አጠገባቸው ያስቀምጧት ጀመር። ኋላ ቦታ ተቀያየሩ።

«ዓይንሽን ለመንገዱ፣ ጆሮሽን ለሞተሩ ስጪ» ይሏት ነበር። «ሲጨነቅ ይሰማሻል። ያኔ ማርሹን ቀይሪለት። እሱ ያመሰግንሻል።»

እውነትም ያመሰግናት ነበር። ፍሪሲዮኑን ረግጣ ማርሹን ስትከተው፣ ያቺ አሮጌ መኪና በመቀመጫዋ በኩል የምታናግራት፣ መሪው የአስፋልቱን ሽንቁር ሁሉ በመዳፏ የሚነግራት ይመስላት ነበር። አባቷ ሲያርፉ ቤቱም መኪናውም ለሁለቱ ልጆች ቀረ። ሮማን መኪናውን የሰርግ ሥራ አስጀመረችው፤ ማርቆስን በገቢው አስተማረችው፤ ሐይቁ ዳር ባለው ባዶ ሜዳ ላይ መንዳትም አሳየችው። ልጁ አድጎ ወደ ዱባይ ሲሄድ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ የሸኘችው በዚያችው ፊያት ነበር።

ማርቆስ የተመለሰው ከሚሌኒየሙ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። ሐዋሳ ያኔ ሌላ ከተማ ልትሆን ትጣደፍ ነበር። የሰፈሩ መንገድ ኮብልስቶን ይነጠፋል፤ ሐይቁን ተከትሎ ሪዞርት ይበቅላል፤ ቀበሌ በየጊዜው ስብሰባ ጠርቶ ስለ ልማት ያወራል። ሰርጉም እንደ ከተማው ተለወጠ። ሙሽሮች በፎቶ ላይ የሚያምር፣ የሚያብረቀርቅ መኪና ይፈልጉ ጀመር። ፊያቷን የሚያስይዘው ሰው እየሳሳ ሄደ።

«እቴቴ» አላት ማርቆስ አንድ ቀን፣ ምሳ በልተው ሲጨርሱ። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚጠራት እንደዚያ ነው። «ይቺን እንሽጣት። እኔ ያጠራቀምኩትን ልጨምርና አንዲት የስፖርት መኪና ከዱባይ ላስመጣ። ጣሪያዋ ተጣጥፎ የሚከፈት፣ ሐዋሳ አይታው የማታውቀው። የሁለታችን ትሆናለች። ነጂዋ ደግሞ አንቺ ነሽ።»

«የአባባን መኪና?»

«አባባ ቢኖር እሱ ራሱ ይስማማ ነበር። የስፖርት መኪና እኮ ነው። የሷ ሞተር ሲጮህ ብትሰሚ ፊያትን ትረሻታለሽ።»

ሮማን አሰበችበት። ያሳደገችው ልጅ ነው፤ ዓይኑን እያየች እንዴት ትጠርጥረው? ውል ቢሮ ሄዳ ፈረመች። ገዢው፣ የአዲስ አበባ ሰው፣ ፊያቷን ይዞ በሻሸመኔ መንገድ ሲወጣ ጥቁር ውኃ ድረስ በዓይኗ የሸኘች መሰላት። ቤት ገብታ አለቀሰች። ማርቆስ አቅፎ አባበላት።

አዲሷ መኪና ስትመጣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ወጥቶ አየ። ብርማ ናት፤ ገና ቆማ የምትሮጥ ትመስላለች። ሮማን ገብታ ስትቀመጥ ቀኝ እጇ በልማድ ማርሹን ፈለገ። የለም። በቦታው የሚሽከረከር ነገርና ትልቅ ስክሪን አለ። አንዲት የማትታይ ሴት በእንግሊዝኛ ቀበቶሽን እሰሪ አለቻት።

ማስነሻውን ተጭና ወጣች። ፍጥነቷስ ፍጥነት ነው! ግን መሪው እንደ ደነዘዘ እግር ነበር፤ መንገዱ ምን እንደሆነ አይነግራትም። ነዳጅ ስትረግጥ መኪናዋ መጀመሪያ ታስባለች፤ ፈቃዷ ከሆነ ትሄዳለች። ሮማን ለወንድሟ ደስታ ስትል ጥፋት አላወጣችባትም። አንድ የወደደችው ነገርም ነበራት፤ የሞተሩን ድምፅ። ጥልቅ፣ የተቆጣ የሚመስል ድምፅ ነው።

«ይሄ ሞተር ግን ያምራል» አለች አጠገቧ ለተቀመጠው ማርቆስ።

ማርቆስ ሳቀ። «ድምፁ እኮ ግማሹ ከስፒከሩ ነው። ኮምፒውተሩ ነው የሚያጫውትልሽ። ከፈለግሽ እዘጋዋለሁ።» ስክሪኑን ነካ ሲያደርገው ያ ቁጣ ጠፍቶ ቀጭን ጉርምርምታ ብቻ ቀረ።  ሲመለሱ ሮማን እንደ ተታለለ ሰው ዓይኗን ከመንገዱ አላነሳችም።

ነገሩ የተበላሸው በአንድ ትልቅ ሰርግ ላይ ነው። ሙሽራዋ ሃሴት የነጋዴ ልጅ ናት፤ ካሰች ናት ያስዋበቻት። ከአዲስ ከተማ ሰፈር ሲወጡ ጎረምሶቹ እንደ ልማዱ መኪናውን ከፊት ከበው እየጨፈሩ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ሮማን ይህን ስታደርግ ዕድሜዋን የኖረች ናት፤ ቀስ ብላ ትከተላቸዋለች። መኪናዋ ግን የሚጨፍር ሰው አታውቅም። አንዱ ጎረምሳ ዘሎ ወደ ፊት ሲመጣባት ጮኸችና በራሷ ፍሬን ያዘች። ሃሴት ወደ ፊት ተወርውራ አበባው ከእጇ ወደቀ። ሮማን ይቅርታ ጠይቃ እንደገና ስትነሳ መኪናዋ እንደገና ያዘች። አንድ ጊዜ፣ ሌላ ጊዜ፣ ደግሞ ሌላ ጊዜ። የሙሽራዋ ቬሎ ተዛነፈ፤ ሙሽራው ተቆጣ፤ ከአጃቢው አንዱ፣ «መንዳት የማይችል ሰው ለምን ያስቀምጣሉ?» ሲል ሁሉም ሰማ።

ማርቆስ ከኋላ ከሚከተለው መኪና ወርዶ እየሮጠ መጣ። ሮማን «መኪናዋ ናት በላቸው» በሚል ዓይን አየችው። እሱ ግን ወደ ሰዎቹ ዞሮ፣ «ይቅርታ አድርጉልን፤ እኅቴ የድሮ መኪና ነው የለመደችው። ዘመናዊ ነገር ይከብዳታል» አለ። ከዚያም አስወርዷት መሪውን ሳዳም ለሚባል ወጣት ሾፌር ሰጠ።

ሮማን በሰርግ ልብሷ መንገድ ዳር ቆማ ቀረች። ካሰች ከአጃቢው ወጥታ አጠገቧ ቆመች፤ ክንዷን ያዘቻት።

ከዚያ ወዲህ የሚነዳው ሳዳም ሆነ። የሮማን ሥራ ስልክ ተቀብሎ ቀን ማስያዝ ብቻ ሆነ። «ለጊዜው ነው እቴቴ፣ እስክትለምጃት» አላት ማርቆስ። ኋላ ካሰች እንደ ነገረቻት፣ ሳዳምም ላይ ያው ነገር በየሰርጉ ደርሶበታል። ያኔ ግን ማርቆስ እየሳቀ፣ «መኪናዋ ስለምትጠነቀቅላችሁ ነው» ይል ነበር። ዘመናዊ ነገር ይከብደዋል ያለው ሰው የለም።

አንድ እሑድ ጠዋት፣ ማርቆስ ሳይነሳ፣ ሮማን ከሳሎን ጠረጴዛ ላይ ቁልፉን አነሳች። ግማሹ የኔ ነው፣ ማንን ላስፈቅድ? አለች ለራሷ። በይርጋለም መንገድ ወጣች።

እስከ ቱላ ድረስ ከመኪናዋ ጋር ጠብ ነበር። ጉድጓድ ልትሸሽ መሪውን ስትሰብር መኪናዋ ወደ መስመሩ፣ ወደዚያው ጉድጓድ ትመልሳታለች። ጋሪ ልታልፍ ስትል ትጮህባታለች። በመጨረሻ ሮማን ዳር ይዛ ቆመችና በጣት የሚጫኑትን ቁልፎች አንድ በአንድ ታይ ጀመር። የምትንሸራተት መኪና የተሳለበት አንድ ትንሽ ቁልፍ ነበር። ተጫነችው፤ አልሆነም። ጣቷን ሳታነሳ አቆየችው። ስክሪኑ ላይ ማስጠንቀቂያ በራና ጠፋ። ያን የሚጮኸውንና መሪ የሚነጥቀውንም ከስክሪኑ ፈልጋ ዘጋችው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሮማን ሌላ ቀን ለካሰች ስትነግራት ፊቷ ይበራ ነበር። ከመሪው ጀርባ ያሉትን ሁለት መቀየሪያዎች በጣቶቿ እየሳበች ማርሹን ራሷ መረጠች። ዳገቱን ስትወጣ ሞተሩ ሲጨነቅ ሰማችው፤ ያለ ስፒከር፣ በገዛ ድምፁ። ቀየረችለት። ጠመዝማዛው ላይ ጎማው አስፋልቱን ሲይዝ ወገቧ ላይ ተሰማት። ከዚያ ሁሉ ሽቦና መብራት በታች ለካ እውነተኛ መኪና ተቀብራ ኖሯል! ግራና ቀኝ እንሰትና ቡና እየሸሸ ሲሄድ ሮማን ጣሪያውን ከፍታ ብቻዋን ሳቀች። አባቷ ከሞቱ ወዲህ እንደዚያ ስቃ አታውቅም።

ይርጋለም መገንጠያው ላይ፣ አፖስቶ ስትደርስ ሞተሩን አጥፍታ ወረደችና አናናስ ገዛች። ተመልሳ ማስነሻውን ተጫነች። መብራቱ በራ፤ ሞተሩ ግን ዝም። ደገመችው። ዝም።

ስልኳ ጠራ። ማርቆስ ነው።

«እቴቴ፣ አፖስቶ ምን ትሠሪያለሽ?»

ሮማን ተከትሏት የመጣ መስሏት ዙሪያዋን አየች። «የት ነህ አንተ?»

«ቤት። ስልኬ ነው የነገረኝ። በምን ፍጥነት ስትነጂ እንደነበርም አይቻለሁ። ልትሞቺ ነው የፈለግሽው?»

«ማርቆስ፣ መኪናዋ አልነሳ አለችኝ።»

«አውቃለሁ። እኔ ነኝ በስልኬ ያቆምኳት። ሳዳም በሚኒባስ መጥቶ ይወስዳታል፤ አንቺም አብረሽው ትመጪያለሽ።»

 አናናስ ሻጯ ሴት ቢላዋዋን ይዛ ታያታለች።

«ይሄን መከታተያ መቼ ነው ያስገጠምከው?»

«ገና እንደመጣች ነዋ። ለደኅንነት ነው።»

«ለኔ ሳትነግረኝ? ግማሹ የኔ የሆነ መኪና ላይ?»

ማርቆስ ዝም አለ።  ልጅ ሳለ ስኳር ሰርቆ ስትጠይቀው እንደዚያ ዝም ይል እንደነበር ሮማን ታውቃለች።

«ማርቆስ፣ ሊብሬው ላይ ስሜ አለ?»

«እቴቴ፣ ጉምሩክ ላይ እንዲቀል ብዬ በኔ ስም ነው ያስገባኋት። ምን ለውጥ አለው? እኛ እኮ አንድ ነን።»

ሮማን ስልኩን ዘጋች። ቁልፉን መቀመጫው ላይ ጣለችው። በሩን በኃይል ልትዘጋው ብትል እንኳ አልሆነላትም፤ መኪናዋ በሩን ራሷ ቀስ አድርጋ ሳበችና ዘጋችው። ሳዳምን አልጠበቀችም። ከዲላ በመጣ አውቶቡስ ተሳፍራ፣ ከኋላ ጥግ ላይ ተቀምጣ ተመለሰች።

በዚያው ሳምንት ዕቃዋን ይዛ ካሰች ቤት ገባች። ማርቆስ ሽማግሌ ላከ። የአባታቸው ወዳጅ አቶ ሽበሺ ነበሩ የመጡት።

«ልጄ፣ ወንድምሽ ነው» አሏት። «ደግሞም ከልብ አዝኗል። ይቅር በይው።»

«ይቅር ብዬዋለሁ አባባ።»

«እንግዲያው ነይ፣ ወደ ቤትሽ እንሂድ።»

«እርስዎ ጠይቀውት ያውቃሉ? ስሟን ሊብሬው ላይ አስገባለሁ ብሏል?»

አቶ ሽበሺ ባርኔጣቸውን አዟዟሩት። «እሱን... ጊዜ ይስጡኝ ነው ያለው።»

«እኔ ቁልፍ ስለወሰደብኝ አይደለም የከፋኝ» አለች ሮማን። «እኔ ተደስቼ ስነዳ እሱ በስልኩ ያየኝ ነበር። መንገድ ላይ እንደ ልጅ ሲያቆመኝ ትንሽ እንኳ አላመነታም። ያን ልጅ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። የት ላይ እንደተሳሳትኩ አላውቅም።»

አቶ ሽበሺ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ጸልየው ሄዱ።

ሮማን አዲስ ከተማ ባለ የአሽከርካሪዎች ማሠልጠኛ አሠልጣኝ ሆነች። ሴቶች እሷን እየጠየቁ ይመጡ ነበር። የማርቆስ መኪና በሁለተኛው ክረምት ስክሪኗ ጠፍቶ ከነሞተሯ ተኛች፤ በከተማው ኮምፒውተሯን የሚከፍት ሰው ጠፍቶ በጭነት መኪና ተጭና አዲስ አበባ ሄደች። ካሰች ይህን ደስ ይላታል ብላ ነበር የነገረቻት። ደስ አላላትም። እንዲያውም ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

ማርቆስ ሲያገባ እንደ እናት ከፊት አስቀመጧት። ከሙሽራዋ ጋር መጥቶ ተንበርክኮ ጉልበቷን ሳመ። እጇን ጭንቅላቱ ላይ አድርጋ፣ «ውለዱ፣ ክበዱ» አለች። የሚባለውን ሁሉ አለች። ሰው አጨበጨበ። ማርቆስ ቀና ብሎ ፊቷ ላይ አንድ ነገር ፈለገ፤ ሮማን ግን ሙሽራዋን ነበር የምታየው።

ስትወጣ በር ላይ ደረሰባት። «እቴቴ፣ ላድርስሽ።»

«ሂድ፣ እንግዶችህን አስተናግድ» አለችው፤ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ አስፋልቱ ወጣችና ባጃጅ አስቆመች።