ለሕያዋ ያልወጣው ቃሬዛ

ከሮብ ገበያ በላይ ባለው ቀበሌያችን የእድሩ ጥሩምባ ነፊ እኔ ነበርኩ። የቃሬዛው ቤት ቁልፍም በእኔ እጅ ነው። አምቡላንሱ ከመኪና መንገዱ ወዲህ ስለማይወጣ በሽተኛ የሚወርደው በሰው ትከሻ ነው። ሕጋችን አጭር ነበር፤ መዋጮውን ያልከፈለ ሰው ታሞ ቢተኛ ቃሬዛ አይወጣለትም። ሬሳ ግን የማንም ይሁን የማን አይከለከልም። ሕጉ ሲወጣ እጃቸውን ካወጡት አንዱ እኔ ነኝ፤ ምን እዋሻለሁ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጉሙ ከጮቄ ወርዶ የገዛ አጥሬን እንኳ ጋርዶብኛል። ጎረቤቴ መጣ። ሚስቱ ከወለደች በኋላ ደሟ አልቆም ብሏል። መዋጮ ከከፈለ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሰብሳቢውን አስፈቅድ አልኩት፤ ሰብሳቢው ደብረ ማርቆስ እንደሄደ እያወቅሁ። አይሆንም ለማለት አፌ እምቢ ቢለኝ ነው እንዲያ ያልኩት፤ ፈሪ ነበርኩ።

ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ። ፊቱን ጉሙ ሸፍኖታል፤ ድምፁ ብቻ መጣ።

«ሞታለች፣ ጋሼ። ይንፉላት።»

ይህን ብሎ ወደ ቤቱ ሮጠ። እኔም ነፋሁ። ሰዉ በጉሙ ውስጥ እየተጠራራ ወጣ፤ ወንዶቹ ቃሬዛውን ተሸከሙ፣ ሴቶቹ ከሩቁ ማልቀስ ጀመሩ። ቤቱ ስንደርስ ቀድሜ ገባሁ። አራሷ ፊቷ ድረስ በነጠላ ተሸፍናለች። ጎንበስ ስል ነጠላው አፏ ላይ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ። ነፋስ ነው ብዬ እጄን አስጠጋሁ፤ ሞቀኝ። ቀና ስል ባልየው በሩ ላይ ቆሞ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።

«ቁልቁል ወደ መኪናው መንገድ ነው፤ ትተነፍሳለች» አልኩ ለተሸካሚዎቹ።

ለቅሶው ቀጥ አለ። ተሸካሚዎቹ በጉሙ ውስጥ እየተቀባበሉ ከመኪናው መንገድ አደረሷት።

ተረፈች። የቃሬዛው ቤት ዛሬ ቁልፍ የለውም። ግን እሷን ጉም በወረደበት ቀን መንገድ ላይ ሲያገኟት አሁንም የሚያማትቡ አሉ። እኔም ፊቷን ማየት ከብዶኝ ስሸሻት ኖሬ፣ ባለፈው ከቅዳሴ መልስ ደርሳብኝ አብረን ወረድን።

«ያን ቀን ሲነፉ ሰምቻለሁ» አለችኝ። «ማን ሞቶ ነው ብዬ ባሌን ብጠይቀው፣ ዝም በይ፣ ሰዎቹ እስኪያነሱሽ ድረስ አትተንፍሺ አለኝ።»